አቼቶ አሲድ ነውን?

(ከዚህ በታች የተጻፈው በራዲዮ የተሰማው ንግግር ሙሉ ቃል ነው።)



ዛሬ የምናገረው ኬሚስቶች ካርቦክሲሊክ አሲድ ብለው ስለሚጠሩት የአሲድ ወገን ነው። ስሙ ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ነገሩ ግን ከየቤታችን ጓዳ የማይጠፋ ነው፤ ስለዚህ ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት፥ ይህን ርእስ እንድመርጥ ያስገደደኝን አንድ ቀን ልተርክላችሁ።

የምኖረው ሰንጋ ተራ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ትልቅ እመቤት እያሳሉ፥ ዐይናቸውም እንባ እያፈሰሰ፥ ከቤታቸው ወደ መተላለፊያው ወጡ። ደንግጬ «እትዬ፥ ምን ነካዎት?» ብላቸው፥ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጥቂት ቆይተው፥ «መታጠቢያ ቤቱን ሳጥብ ነው ልጄ። በረኪናው ብቻውን አላጸዳ ቢለኝ አቼቶ ጨመርሁበት። ባለ ሱቁ ‹አሲድ ልስጥዎት› ቢለኝ፥ ‹አሲድስ ያቃጥላል› ብዬ ነበር አቼቶ የገዛሁት» አሉኝ። መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ፥ እሳቸውንም ንጹሕ አየር ወዳለበት ወደ ግቢው አውርጄ ካስቀመጥሁ በኋላ፥ «እትዬ፥ አቼቶም እኮ አሲድ ነው» ብላቸው፥ ነገሩን እንደ ቀልድ ቆጠሩት። «ሰላጣ ላይ የምናደርገው?» አሉኝ።

እነሆ፥ የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። በግቢው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የሰጠኋቸው መልስ አጭርና የተቻኮለ ነበርና፥ ዛሬ አሟልቼ እናገረዋለሁ።

በከተማችን «አሲድ» የተባለ እንደ ሆነ የሰው ሐሳብ የሚሄደው የመኪና ባትሪ ውስጥ ወዳለው ወይም ንጣፍ ማጽጃ ተብሎ በጠርሙስ ወደሚሸጠው ነው። የመጀመሪያው ሰልፊሪክ አሲድ፥ ሁለተኛው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። እነዚህ የማዕድን አሲዶች ይባላሉ። ጠባያቸው ብርቱ ስለ ሆነ ልብስ ይበሳሉ፥ ሥጋ ያቃጥላሉ፤ ስለ ሆነም ሰው ቢፈራቸው አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ከእነዚህ ሌላ፥ ከዕፅዋትና ከእንስሳት የሚገኝ፥ በቁጥርም እጅግ የበዛ የአሲድ ወገን አለ። የሎሚው ኮምጣጣነት፥ የእርጎው፥ የሊጡ፥ የከረመው ጠጅ ኮምጣጣነት ሁሉ ከዚህ ወገን የመጣ ነው። ራስ ምታት ሲነሣብን የምንውጠው አስፕሪን እንኳ ከዚሁ ወገን ነው።

ስለ ስማቸው ልጀምር። ሰንጋ ተራ የሚለውን ስም በየቀኑ እንጠራዋለን። ዛሬ በአካባቢው ከፍ ብሎ የሚታየው የባንክና የኢንሹራንስ ፎቅ ነው፤ ሰንጋ ቢፈለግ ከሥጋ ቤት ማንጠልጠያ በቀር አይገኝም። ስሙ ግን ሰንጋው ተሰልፎ ይታይበት የነበረውን ተራ ይዞ ቀርቷል። የእነዚህም አሲዶች የቀድሞ ስም እንዲሁ ነው፤ ሰው መጀመሪያ ያገኛቸውን ቦታ ይናገራል እንጂ ምን እንደ ሆኑ አይናገርም።

በ17ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ አገር ሊቅ ጆን ሬይ፥ ጉንዳን በማጣራት አንድ አሲድ መገኘቱን ጻፈ። ጉንዳን በላቲን ፎርሚካ ይባላልና አሲዱ ፎርሚክ ተባለ። ሆምጣጤ በላቲን አሴቱም ነው፤ ስለዚህ የሆምጣጤው አሲድ አሴቲክ ተባለ። ጣሊያኖች ይህንኑ የላቲን ቃል አቼቶ አሉት፤ እኛም ከእነሱ ወስደን በወጥ ቤታችን አቼቶ እንላለን። እንግዲህ የጎረቤቴ «አቼቶ» እና የኬሚስቱ «አሴቲክ» ከአንድ ቃል የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። በ1780 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ካርል ሼሌ የተባለው በስዊድን የሚሠራ መድኃኒት ቀማሚ ከኮመጠጠ ወተት አንድ አሲድ ለየ፤ እርሱም ከወተት ስም ላክቲክ ተባለ። ከ4 ዓመት በኋላም ይኸው ሰው ከሎሚ ጭማቂ ሲትሪክ የተባለውን ለየ።

ከሁሉ ይልቅ ለሰንጋ ተራ ሰው የሚቀርበው ግን የፈረንሳዊው የሚሼል ሼቭረል ሥራ ነው። ይህ ሰው በ1786 ተወልዶ በ1889 የሞተ፥ 102 ዓመት የኖረ ባለ ዕድሜ ነበር። ሞራንና ሳሙናን ለብዙ ዓመት መርምሮ በ1823 ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። በእርሱ ሥራ እንደ ታወቀው፥ ሞራ ማለት ረዣዥም አሲዶች ግሊሰሪን ከሚባል ነገር ጋር ተቆራኝተው የሚገኙበት ነው። ከከብት ሞራ ያገኘውን ጠጣር አሲድ፥ ሞራ በግሪክ ቋንቋ ከሚጠራበት ቃል ወስዶ ስቴሪክ አለው። ከቅቤ ያገኘውንም ከላቲኑ የቅቤ ስም ቡቲሪክ አለው። በፍየል ወተት ቅባት ውስጥ ያሉትን ሽታቸው የከፋ አሲዶች ደግሞ፥ ፍየል በላቲን ካፕራ ናትና፥ ካፕሮይክና ካፕሪክ ብሎ ሰየማቸው። ወጠጤ ፍየል ባለበት ቤት ያደገ ሰው ስያሜው ትክክል መሆኑን ያለ ምስክር ያምናል።

ከስቴሪክ አሲድ የተሠራው ሻማ፥ ከሞራ ይሠራ ከነበረው ሻማ ይልቅ ጭሱ ያነሰ፥ ብርሃኑም የጠራ ስለ ሆነ፥ የአውሮፓን ቤቶች ሌሊት ለወጠ። ዛሬ ስቴሪክ አሲድ ከዘምባባ ወገን ከሚገኝ ዘይትም ይሠራል፤ ስሙ ግን ያው የሞራ እንደ ሆነ ቀርቷል። ሰንጋው ሄዶ ተራው እንደ ቀረ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ስም ለማስታወስ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን አሲዶቹ በመቶና በሺህ ሲቆጠሩ ለሥራ አይበቃም። ደብዳቤ «ሰንጋ ተራ፥ ከሥጋ ቤቱ ጎን» ተብሎ ቢላክ ፖስተኛው ይቸገራል፤ ወረዳና የቤት ቁጥር ያስፈልገዋል። ኬሚስቶችም በ1892 በጄኔቭ ተሰብስበው ለእያንዳንዱ ነገር የቤት ቁጥር የሚሆን ስም የሚወጣበትን ደንብ አቆሙ። በደንቡ መሠረት ከሁሉ አስቀድሞ ካርቦኖቹ ይቆጠራሉ። አንድ ካርቦን ያለው ሜታኖይክ፥ ሁለት ያለው ኤታኖይክ፥ ሦስት ያለው ፕሮፓኖይክ፥ አራት ያለው ቡታኖይክ አሲድ ይባላል። እንግዲህ ፎርሚክ የተባለው ሜታኖይክ፥ የአቼቶው አሴቲክ ኤታኖይክ፥ የቅቤው ቡቲሪክ ቡታኖይክ መሆኑ ነው። የእርጎው ላክቲክ አሲድ በደንቡ 2-ሃይድሮክሲፕሮፓኖይክ አሲድ ይሆናል። ስሙ ረጅም ነው፤ ነገር ግን ያነበበው ሁሉ ያለ ሥዕል ሊሥለው ይችላል፤ ሦስት ካርቦን እንዳለው፥ በሁለተኛውም ላይ ሃይድሮክሲል እንደ ተቀመጠ ይነግረዋልና።

የዚህ ስም ጥቅም በጠጅ ይታያል። በጠጅ ውስጥ ያለው አልኮል ኤታኖል ይባላል። ጋኑ በደንብ ሳይከደን ቀርቶ አየር ከገባበት፥ ከአየሩ ኦክሲጅን የሚወስዱ ባክቴሪያዎች ኤታኖሉን ኤታኖይክ አሲድ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ጠጁ ሆመጠጠ እንላለን። ካርቦኖቹ ያው ሁለት ናቸው፤ የተለወጠው የሞለኪዩሉ ራስ ብቻ ነው። ኤታኖልና ኤታኖይክ የሚሉት ስሞች ዝምድናውን ይገልጻሉ፤ «ጠጅ» እና «አቼቶ» ግን አይገልጹም።

ይህ ራስ ያልሁት ምንድን ነው? የካርቦን አቶም አራት እጅ አለው ብለን እናስብ። በእነዚህ አሲዶች ራስ ላይ ያለው ካርቦን በአንድ እጁ የቀረውን የሞለኪዩሉን አካል ይይዛል፤ ይህን ጅራት እንበለው። በሁለት እጁ አንድ ኦክሲጅን አጥብቆ ይይዛል። በአራተኛው እጁ ደግሞ ሌላ ኦክሲጅን ይይዛል፤ ይህም ሁለተኛው ኦክሲጅን በበኩሉ አንድ ሃይድሮጅን ይዟል። ካርቦኑ፥ ሁለቱ ኦክሲጅኖችና ሃይድሮጅኑ አንድ ላይ ካርቦክሲል ይባላሉ፤ የወገኑም ስም የወጣው ከዚህ ነው። ጅራቱ አጭር ቢሆን ረጅም፥ ጉንዳን ቢሆን ሞራ፥ ራሱ አንድ ዓይነት ነው።

ጠባዩን የሚወስነው ጅራቱም ጭምር ነው። ጅራታቸው አጭር የሆኑት ከውሃ ጋር ይዋሐዳሉ፥ ሽታቸውም አፍንጫ ይወጋል። ከአራት እስከ ዐሥር ካርቦን ያላቸው የቅቤና የፍየል ሽታ አላቸው። ከለጋው ቅቤ ይልቅ በሳሉ ቅቤ የሚሸተው፥ ቡቲሪክ አሲዱ ከግሊሰሪኑ እየተፈታ ስለሚወጣ ነው፤ በለጋው ውስጥም አለ፥ ታስሮ ነው እንጂ። ለወጥ በሳሉን የምትመርጥ ባለሙያ ሳታውቀው የምትመርጠው ይህን አሲድ ነው። ዐሥራ ስምንት ካርቦን ያለው ስቴሪክ ግን ጅራቱ ከባድ ስለ ሆነ አይተንም፥ አይሸትምም፥ በውሃም አይሟሟም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ፤ አሲድ የሚያሰኘው ምንድን ነው? አሲድ ማለት ሃይድሮጅኑን፥ ኤሌክትሮኑን ትቶ በሄደ ጊዜ፥ ለሌላ አሳልፎ የሚሰጥ ነው። ይህ የሄደው ሃይድሮጅን ፕሮቶን ይባላል፤ ምላሳችንም ኮመጠጠ የሚለው ይህን ሲቀምስ ነው። ነገር ግን አልኮልም በራሱ ላይ ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን አለው፤ ታዲያ አረቄ ስለ ምን አይኮመጥጥም? ልዩነቱ ፕሮቶኑ ከሄደ በኋላ በሚቀረው ሸክም ላይ ነው። ፕሮቶኑ ሲሄድ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት ለኦክሲጅኑ ይቀርለታል። በአልኮል ሸክሙን የሚሸከመው አንድ ኦክሲጅን ብቻውን ነውና፥ ፕሮቶኑን መልሶ ይጎትተዋል። በካርቦክሲል ግን ሁለተኛ ኦክሲጅን ከጎኑ አለ፤ ሸክሙን እኩል ይካፈላሉ። እንዲያውም ፕሮቶኑ ከሄደ በኋላ ሁለቱ ኦክሲጅኖች ከካርቦኑ ያላቸው ርቀት አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ቀድሞ በሁለት እጅ የተያዘው የትኛው እንደ ነበር መለየት አይቻልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ የለ? ሁለት ኦክሲጅን ሃምሳ ባይሆንም፥ መካፈሉ የሚያመጣው ልዩነት ከተጠበቀው በላይ ነው፤ አሴቲክ አሲድ ፕሮቶኑን በመስጠት ከኤታኖል ከመቶ ቢሊዮን እጥፍ በላይ ይበልጣል።

እንዲህም ሆኖ ኬሚስቱ አሴቲክ አሲድን ደካማ አሲድ ይለዋል። የባትሪው አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያ ፕሮቶኑን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይለቃል። በአቼቶ ውስጥ ግን ከሺህ የአሴቲክ አሲድ ሞለኪዩሎች በአንድ ቅጽበት ፕሮቶናቸውን ለቀው የሚገኙት አራት ወይም አምስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ላክቲክ አሲድ፥ ሃይድሮክሲሉ ከአጠገብ ሆኖ ሸክሙን ስለሚያግዝ፥ ከአሴቲክ ስምንት እጥፍ ያህል ይበረታል፤ ፎርሚክ ደግሞ ዐሥር እጥፍ ያህል።

በዚህ ድካማቸው ነው የሚጠቅሙን። ጤፍ ተቦክቶ እርሾ ሲገባበት፥ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ላክቲክ አሲድ ያደርጉታል፥ አሴቲክም ጥቂት ይጨመርበታል። ፒ.ኤች. በሚባለው ሚዛን ንጹሕ ውሃ 7 ነው፤ ከዚያ በታች አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር ኮምጣጣነቱ ዐሥር እጥፍ ይጨምራል። የበሰለ ሊጥ ወደ 4 ይወርዳል፥ አንዳንዴም ከዚያ በታች። በዚህ ኮምጣጣነት ውስጥ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች አይራቡም። ምክንያቱም ፕሮቶኑን ያልለቀቀው አሲድ ሙላት ስለሌለበት የባክቴሪያውን ሽፋን ሰርጎ ያልፋል፤ ውስጥ ከገባ በኋላ ፕሮቶኑን ይለቅና ባክቴሪያውን ከውስጡ ያኮመጥጠዋል። ብርቱ አሲድ ሙላት ያለበት ሆኖ በር ላይ ይቀራል፤ ደካማው ግን እንደ እንግዳ ይገባል። ሻጋታ ግን ኮምጣጣ አይፈራምና እንጀራውን በጥቂት ቀን ያሸንፈዋል፤ ስለዚህ ነው ከዚሁ ወገን የሆኑት የቤንዞይክ፥ የሶርቢክና የፕሮፒዮኒክ አሲድ ጨዎች ለእንጀራ ማቆያነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመረመሩት። የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ላይ «ሶዲየም ቤንዞኤት» የሚል የምታነቡ ከሆነ፥ ሥራው ይኸው ነው።

ነገር ግን «ደካማ» የሚለው ቃል እንዳያታልላችሁ። ድካምና ቅጥነት አንድ አይደሉም። የገበታ አቼቶ ከመቶ አምስት እጅ ያህል አሲድ ሲሆን የቀረው ውሃ ነው። ውሃ የሌለበት አሴቲክ አሲድ ግን ቆዳ ያቃጥላል፥ ዐይን ያጠፋል፥ ትነቱም ሳንባ ይጎዳል። ይህ ንጹሑ አሲድ በ16.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይረጋል፤ በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት በቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ያደረ ጠርሙስ ጧት በረዶ መስሎ ሊገኝ ይችላል። በረዶ ነው ብሎ በእጁ የሚነካ ሰው ግን ወዮለት። አንዳንድ ሰው በብዛት ገዝቶ በቤቱ በውሃ ሊያቀጥነው ሲያስብ እሰማለሁ፤ እኔ ይህን ለሠለጠነ እጅ መተው ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ ጎረቤቴ መታጠቢያ ቤት ልመለስ። የአሲዶች አንድ ሕግ አለ፤ በርታ ያለው አሲድ ከእርሱ የሚደክመውን ከጨው ያስለቅቀዋል። በረኪና ማለት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ጨው በውሃ ውስጥ ነው፤ ይህም ከአሴቲክ አሲድ እጅግ የሚደክም የሃይፖክሎረስ አሲድ ጨው ነው። አቼቶ ሲጨመርበት አሴቲኩ ፕሮቶኑን ለሃይፖክሎራይቱ ይሰጣል፤ በረኪና ውስጥ የጨው ክሎራይድም አለና፥ ሁለቱ በኮምጣጣው ውስጥ ተገናኝተው ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይሆናሉ። ይህ ጋዝ በ1915 በቤልጅግ አገር ኢፕር በተባለው ስፍራ ጀርመኖች በጦር መሣሪያነት የለቀቁት ያው ክሎሪን ነው። መጠኑ እጅግ ያነሰ ቢሆንም፥ ጠባብና መስኮቱ የተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሳንባው ይጎዳል፤ አስም ያለበትማ ለሕይወቱ ያሠጋዋል። ሎሚ ቢጨመር ነገሩ ያው ነው። ባለ ሱቁ ሊሰጣቸው የነበረው የንጣፍ ማጽጃ አሲድ ቢሆን ኖሮ ጋዙ ይበልጥ በረታ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ጠርሙሱን ለመክደን እንኳ ሳይቆይ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ዐይኑን በብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠብ፤ ሳሉ ወይም የትንፋሽ እጥረቱ ካልተወው፥ ተሽሎትም ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቢመለስበት፥ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሳንባ ውሃ የሚቋጥረው አንዳንድ ጊዜ ዘግይቶ ነውና። በረኪና የተጠቀመ ሰው ወለሉን በውሃ አለቅልቆ ሳይጨርስ ሌላ ማጽጃ አያምጣ። በውሃ መጠጫ ጠርሙስ የተቀዳ በረኪናም በቤት አይቀመጥ፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

እትዬ በዚያ ቀን ከሳላቸው ዳኑ። አቼቶው ግን ግማሽ ጠርሙስ ተርፎ ነበርና፥ «እንግዲህ ምን ላድርገው? ለሰላጣ ልቤ እንቢ አለኝ» አሉኝ። ማንቆርቆሪያቸውን አምጥተው እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው፤ በውስጡ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮ ነበር። ይህ የኖራ ወገን የሆነ ካርቦኔት ነው፤ ካርቦኒክ አሲድም ከአሴቲክ የሚደክም ስለ ሆነ፥ ያው ሕግ እዚህም ይሠራል፤ የሚወጣው ጋዝ ግን በአምቦ ውሃ ውስጥ የሚፈላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አቼቶውን ከውሃ ጋር እኩል አድርገን ብንጨምርበት ተንጫጫ፥ አረፋም አወጣ። እትዬ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሊያዩ ካሉ በኋላ፥ ወዲያው ቀና ብለው ራቅ አሉና፥ «ይኼስ በረኪና የለበትም አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። የለበትም አልኋቸው። በማግሥቱ በዚያው ማንቆርቆሪያ፥ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው፥ ሻይ አፍልተው ጠሩኝ።